ሸርጣን ያልነበረበት መረብ

ኤቲየን ኮርሚየን ያገኙት ከቁርስ በኋላ፣ ከቆሻሻው ክምር ውስጥ ነው። መጀመሪያ የታየው ቦት ጫማው ነበር። ከባሕር በየቀኑ ጫማ ይወጣል፤ ስለዚህ የመርከቧ ወለል አለቃ ሎርን ቡዝ ከጠርሙሱና ከሳጥኑ መሃል መዞ ወደ ጎማ ማጠራቀሚያው ሊወረውረው ሳበው። አልመጣለትም። «ምን ሆነህ ነው አንተ?» አለው ጫማውን፤ በሁለት እጁም ሳበው። እግር ነበረበት።

አጠገቡ የቆመችው ቲገን ሮስ አልጮኸችም። ሎርን ክምሩን እየቧጠጠ፣ አረንጓዴ የዓሣ መረብ የተጠቀለለበትን ሰውዬ ጎትቶ ሲያወጣ፣ መረቡን ከፊቱ ላይ ገለጥ አድርጎ የመርከቧን መሐንዲስ ሲያይ፣ እሷ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አይቼዋለሁ። ጎህ ሲቀድ በካሜራ አይቼዋለሁ፤ አይቼም ዝም ብዬ አሳለፍኩት።

ኪቲዌክ የምትባለው ይህች መርከብ ከቫንኩቨር ደሴት የአንድ ቀን መንገድ ርቃ፣ ከእህት መርከቧ ጋር ሆና ረጅም ተንሳፋፊ አጥር በውቅያኖሱ ላይ ትጎትታለች። አጥሩ የጠረገው ፕላስቲክ ሁሉ ጫፉ ላይ ወዳለው ትልቅ መረብ ይገባል። ድርጅቱ ለመረቡ ረጅም ስም አውጥቶለታል፤ ሠራተኞቹ ግን ጆንያው ይሉታል። ጆንያው ውስጥ ካሜራ አለ። ካሜራው ፊት ተቀምጣ ስክሪን ላይ የምታፈጠው ቲገን ናት። ዔሊም ሆነ ሌላ ነፍስ ያለው ነገር ከገባ ቀዩን ቁልፍ ትጫናለች፤ በጆንያው ጎን ያለው የማምለጫ በር ይከፈትና እንስሳው ይወጣል። ችግሩ የቀኑ ፕላስቲክም አብሮት መውጣቱ ነው።

በዚህ ጉዞ ሁለት ጊዜ ተጭናለች። የመጀመሪያው ዔሊ ነበር፤ ሁሉም አጨበጨቡላት። ሁለተኛው የመኪና ጎማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሎርን በሯ ላይ በጠመኔ ጎማ ሥሎላት «ወይዘሪት ጎማ» እያለ ይጠራታል። የዚያን ቀን ጎህ ሲቀድ፣ አንድ ጥቁር ነገር በደፈረሰው ውሃ ውስጥ ካሜራውን ታክኮ ሲያልፍ፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርሶ ቀረ። ጎማ ነው አለች ለራሷ። ሳቃቸው ጆሮዋ ላይ ነበር።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ካፒቴን ኦርቪል ፔኒ ከመሪው ክፍል ወርዶ መጣ። ኮፍያውን አወለቀ። ትልቅ ሰው ነው፤ የኒውፋውንድላንድ ሰው እንደመሆኑ ወጣቱን ሁሉ «ልጄ» ነው የሚለው።

«ጎህ ሲቀድ ወደ መርከቧ ጭራ ሲሄድ አይቼዋለሁ» አለ በለሆሳስ። «አጥሩን ሊያይ ነበር። አዳልጦት ገብቶ ውሃው ወደ ጆንያው ገፍቶት ይሆናል።»

«እኔ አይቼዋለሁ፤ ካፒቴን» አለች ቲገን። «በካሜራው አልፏል። ጎማ መስሎኝ ነው።»

ካፒቴኑ ያወለቀውን ኮፍያ ብብቱ ሥር አስገባ። ከዚያ ሰፊ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ልጄ። ጨለማ ነበር፣ ጉም ነበር። ማንም ቢሆን አያየውም።»

ይህን ያላት ለማጽናናት ነው። እሷም ያን እጅ ሳሚ ብትባል ትስም ነበር።

*

የባሕር ዳርቻው ፖሊስ በሬዲዮ ምንም ሳትነኩ ግቡ አላቸው። ክምሩን በሸራ ሸፍነው፣ እንዳይበሰብስም የባሕር ውሃ እየረጩበት በማግሥቱ ዩክሉሌት ወደብ ደረሱ። ሳጅን ባልዊንደር ግሬዋል ከነቦርሳዋ ተሳፈረች። ፖርት አልበርኒ ተወልዳ ያደገች፣ ጡረታዋ የደረሰ፣ አጠር ያለች ሴት ናት። ኪሷ ውስጥ የሽንብራ ቆሎ አይጠፋም፤ ስታስብ ትቆረጥማለች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ውስጥ ሣንቃ ሲለይ የኖረ ሰው ነበር፤ የእሷም ዓይን ያንኑ ይመስላል። ሰውን ስታይ ሣንቃ የምትገለብጥ ነው የምትመስለው።

ሬሳውን ብዙ አየችው። ጭንቅላቱ ጎን ላይ የተሰነጠቀ ቁስል አለ። መረቡን ደግሞ ከሬሳውም አብልጣ አየችው፤ እጥፋቱን እየገለጠች፣ በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካካች። ከዚያ ቲገንን ወደ ካሜራው ክፍል ይዛት ገባች።

ቲገን በሩ እንኳ ሳይዘጋ «የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ተባረኪ። ሥራዬን አቀለልሽልኝ» አለች ሳጅኗ ወንበር እየሳበች። «በይ ተቀመጪና እንዴት አድርገሽ እንደገደልሽው አጫውቺኝ።»

ቲገን ነገረቻት። ጎህ ከመቅደዱ በፊት ኮርሚየ በሯ ላይ ብቅ ማለቱን፣ ስለ ጎማው እንደሚስቁባት ሰምቶ እንደነበር፣ «ከተጠራጠርሽ ተጫኚ፤ በሩን የሠራሁት እንዲከፈት ነው» ብሏት መሄዱን። ከዚያም ጥቁሩ ነገር ማለፉን፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ መቅረቱን።

«ከዚያ ወዲህ ቀረጻውን አይተሽዋል?»

«አልቻልኩም።»

«እኔ ልየው። አንቺ ግድግዳውን እይ።»

ቲገን ግድግዳውን አየች። ከጀርባዋ የቆሎው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሳጅኗ ጥቁሩን ነገር አቁማ አየች። ቀረጻውን ወደፊት አስኬደችው፤ ጆንያው ሞልቶ በዊንች፣ ገመድ በሚስበው ሞተር፣ ከውሃው እየተንጠባጠበ ሲወጣ ደረሰች። እዚያም ቆመች።

«እዚህ በሩ ላይ ዝገት የበላው ብረት ምንድን ነው?»

ቲገን ዞራ አየች። «የበሩ መቀርቀሪያ ነው። ይነክሳል፤ በሩን ይዞ አይለቅም። ኮርሚየ ሳልቀይረው እንቅልፍ አይወስደኝም ሲል ነው የሰነበተው።»

«እህ» አለች ሳጅኗ። «ፕላስቲኩን ካወጣችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ሎርን ጆንያውን ከታች ይፈታዋል፤ ሁሉም ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ውሃው ጠፈፍ እስኪል ቁርስ እንበላለን። ስንመለስ መልቀም እንጀምራለን።»

«አንቺም በላሽ?»

«ከወጥ ቤቱ ሰውዬ አጠገብ። እስከ መጨረሻው።»

«ከዚያ መጀመሪያ ምን ሠራሽ? እጅሽ ምን ያዘ?»

ቲገን እንግዳ ጥያቄ መሰላት። «ባልዲውን። ሸርጣኖቹን ወደ ባሕር ደፋኋቸው።»

ሳጅኗ መቆርጠሟን አቆመች።

*

ወለሉ ላይ ሸራው ተገለጠ። ጠርሙስ፣ የዓሣ ሳጥን፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የገመድ ጥምጥም፣ የተሰበረ ወንበር። ሁሉም ላይ ጥፍር የሚያካክሉ ሸርጣኖች ይርመሰመሳሉ። ሳጅኗ ከክምሩ አንድ ቁራጭ መረብ አነሳች፤ ወዲያው አንዱ ጣቷን ያዛት።

«ቆነጠጠኝ።»

«ከኋላው ነው የሚያዘው» አለች ቲገን፤ ሸርጣኑን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ላቀቀችው። «ካፒቴኑ ነው ያስተማረን። ሳይለቀም ማንም ምንም እንዲጨፈልቅ አይፈቅድም። በወጣትነቱ ኮድ የሚባለውን ዓሣ እስኪያልቅ ካጠመዱት አንዱ እኔ ነኝ ይላል። ስንት መረብ ባሕር ላይ ጥሎ እንደመጣ ሲያስበው ይከፋዋል። አሁን መረቡን የሚለቅመው ስለዚያ ነው።»

ሎርን ቡዝ እጁን አጣምሮ ከዊንቹ ሥር ቆሟል። «እኔ ግን ጣቴን ለሸርጣን አልሰጥም» አለ። «በውሃ ቱቦ ነው የማጥባቸው። ባሕር የገባው ይገባል፣ የሞተው ይሞታል።»

«ከሟቹ ጋር ትስማሙ ነበር?» አለችው ሳጅኗ።

«አንስማማም። በሩን እጠላዋለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ጎትተህ የሰበሰብከውን በአንድ ጣት መልሰህ ትለቃለህ። ብዬዋለሁም፤ ፊት ለፊቱ።»

«ቁርስ ላይ የት ነበርክ?»

«በላሁ፤ ከዚያ ከፊት ለፊት ወጥቼ ሲጋራ አጨስኩ። ከሞተር ክፍሉ ሁለቱ ልጆች አብረውኝ ነበሩ። ጠይቂያቸው።» ቀና ብሎ ሲያያት አነጋገሩን አስተካከለ። «ይጠይቋቸው ማለቴ ነው።»

«እጠይቃለሁ። ይሄ ባዶው ጆንያ ከጭራው ላይ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። አንተ ነህ ያወጣኸው?»

ሎርን ግንባሩን አኮማተረ። «አይደለሁም። ከቁርስ ስመለስ ወጥቶ አገኘሁት። ያለ ሁለት ሰው ዊንች አይነካም፤ አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ አንዱ ከታች ቆሞ ሳብ ለማለት እጁን ያነሣል። ካፒቴኑ ኮርሚየን አቁሞ ያወጣው መስሎኝ ነበር። በኋላ ኮርሚየ ሞቶ ሲገኝ…» ቆመ። «በኋላ አላሰብኩትም።»

ሳጅኗ ወደ ጆንያው ጠጋ አለች። በጎኑ ያለው የብረት በር የሰው ቁመት ያህላል፤ ክፈፉ ከባድ ነው። መቀርቀሪያው ያብረቀርቃል። ረጅም ጊዜ አየችው። ቲገን ምን እንደምታይ አልገባትም፤ ቀና ብላም ለመጠየቅ አልደፈረችም። ከክምሩ ጫፍ ደግሞ ሳጅኗ በእግሯ ጠርሙሶችን ገፋ ገፋ አደረገችና የሆነ ነገር አይታ መልሳ ሸፈነችው።

የድርጅቱ ወኪል ጁልያን ፌርባንክ ከምግብ ክፍሉ በር ላይ ጠበቃቸው። ወደቡ ላይ ጋዜጠኞች ካሜራ ተክለው ቆመዋል፤ እሱም በመስኮት በኩል ያያቸዋል። ፀጉሩ የተበጠረ ቢሆንም ፊቱ እንቅልፍ አላየም።

«ኮርሚየ በሩ እንደሚነክስ ለጋዜጠኞቹ ሊናገር ነበር አይደል?» አለችው ሳጅኗ።

«ማን ነገረዎት?» አለ። «አሁን አንተ ነገርከኝ» አለችው። እሱም ትንፋሹን ለቀቀ። «አዎ። ተጨቃጭቀናል። ሁለት ቀን ብቻ ታገሠኝ አልኩት፤ በአንድ ዝገት ሥራው ሁሉ መሳቂያ እንዳይሆን ብዬ። ካፒቴኑንም ጎትጉቼዋለሁ፣ ቶሎ ጨርሰን እንግባ ብዬ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።»

«ቁርስ ላይስ?»

«አልበላሁም። በሳተላይት ስልክ ከቢሮ ጋር አወራሁ፤ እዚህ ኮሪደሩ ላይ፣ ሁሉም እያየኝ። ጥሩምባው ዝም ስላለልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጮህ አወራሁ።»

«ጥሩምባው?»

«ጉም ሲሆን እየደጋገሙ መንፋት ግዴታ ነው። በራሱ የሚነፋው ስለተበላሸ ካፒቴኑ በእጁ ነው የሚስበው።»

«ሸርጣን ትለቅማለህ?»

ጁልያን እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። «ብነካው እጄ እንደ ዳቦ ነው የሚያብጠው። ወጥ ቤቱን ይጠይቁ።»

*

ሳጅኗ ሁሉንም ምግብ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሎርን ቆሞ ቀረ። ጁልያን ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ቲገን ጥግ ይዛለች። ካፒቴን ፔኒ ከአጠገቧ ተቀምጦ የእሷን እጅ አንድ ጊዜ መታ መታ አደረገላት። ሳጅኗ ይህንንም አየች።

«የአስከሬን ሐኪሙ ነገ ሳምባውን ያየዋል» አለች። «ውሃ አያገኝም። እኔ ግን ነገን አልጠብቅም፤ ምክንያቱም እዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ራሷን ገዳይ አድርጋ ተቀምጣለች።»

ቲገን አንገቷን ደፋች።

«ኮርሚየ ጎህ ሲቀድ ባሕር ገባ፣ ወደ ጆንያው ተገፋ፣ ከፕላስቲኩ ጋር ወጣ ብላችሁኛል። ደህና። ቀረጻውን አየሁት። ጆንያው ሞልቶ ሲነሣ የበሩ መቀርቀሪያ የዛገው ነው። ዛሬ ግን ጆንያው ላይ ያለው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ማን ቀየረው?»

ሳጅኗ ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞረች።

«ሎርን፣ አንተ ነህ?»

«በሩን ከነመቀርቀሪያው ብጥለው ነው የምወድ። እኔ አይደለሁም።»

«መቀርቀሪያውን የሚቀይር አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ሞቷል የተባለው ጆንያው ከመነሣቱ በፊት ነው። እንግዲህ ጆንያው ሲነሣ ኮርሚየ ውስጡ አልነበረም። ፕላስቲኩ ፈስሶ እናንተ ቁርስ ስትበሉ፣ እሱ በሕይወት ቆሞ በሩን እየሠራ ነበር።»

ቲገን ቀና አለች። የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት።

«ሁለተኛ፣ መረቡ» አለች ሳጅኗ። «ክምሩ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሸርጣን የወረረው ነው። ጣቴን ተቆንጥጫለሁ። ኮርሚየ የተጠቀለለበት መረብ ግን እርጥብ፣ ገና ከባሕር የወጣ ሆኖ ሳለ አንድ ሸርጣን የለበትም። በእጥፋቱ ውስጥ እንኳ። ታጥቦም አይደለም፤ ጭቃውና ዛጎሉ እንዳለ ነው። ቲገን፣ ከቁርስ ስትወጪ ባልዲው ምን ነበረው?»

«ሸርጣን» አለች ቲገን። «ግማሽ ባልዲ። መልቀም ሳንጀምር። ሰው የለቀመ መስሎኝ ደፋሁት።»

«ሰው ነው የለቀመው። መረቡን ሬሳው ላይ ከመጠቅለሉ በፊት ሸርጣኑን አንድ በአንድ ለቅሞ ባልዲ ውስጥ ከተተ። ሎርን ቢሆን በቱቦ ያጥበዋል። ፌርባንክ ቢሆን እጁ ዛሬም አብጦ ይታይ ነበር። ቲገን ከወጥ ቤቱ ሰውዬ አጠገብ ነበረች። ጉም ባለበት ሰዓት ደግሞ ጥሩምባው ዝም ብሏል። ፌርባንክ ሳይጮህ ስልክ እስኪያወራ ድረስ። ጥሩምባውን የሚስበው ሰው የት ሄዶ ነበር?»

ሎርን ዓይኑን ከካፒቴኑ ላይ አነሣ፤ ማየት የከበደው ይመስላል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ገብቶታል። ያልገባት ቲገን ብቻ ናት፤ ሊገባት ስላልፈለገች ነው። ካፒቴኑ ከጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮፍያውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ባዶውን ጆንያ ወደ ውጭ ላውጣው ብዬ ነው» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ድርጅቱ ይቸኩላል፤ ጋዜጠኞቹ ወደቡ ላይ ይጠብቃሉ። ከቁርስ መልስ ጊዜ እንዳናባክን ብዬ። ኤቲየን ከበሩ ሥር ነበር። ቆይ ብሎኛል። እጁን እስኪያነሣ መጠበቅ ነበረብኝ። በጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር ሲነሣ አየሁ፤ እጁ መሰለኝ። ዊንቹን ሳብኩት። ክፈፉ ዞረና…»

«ወዲያው ነው የሞተው?»

«ስወርድ ትንፋሽ አልነበረውም። እምላለሁ።»

«ይህን አምናለሁ» አለች ሳጅኗ። «አደጋ ነው። ቢጠሩን ኖሮ አደጋ ሆኖ ይቀር ነበር። ለምን አልጠሩንም?»

ካፒቴኑ ሸካራ መዳፎቹን ተመለከተ። «አርባ ዓመት ባሕሩን ስዘርፍ ኖርኩ፤ ሳጅን። ይህች መርከብ መካሻዬ ነበረች። ሰው በዊንች ገደለ ከተባለ ይወስዱብኛል። ሥራውንም ያቆሙታል። ባሕሩ ወሰደው ቢባል ባሕሩ ምን ይሆናል አልኩ። ያን ጊዜ ስለ እሷ አላሰብኩም።»

«ሬሳውን ወደ ክምሩ ይዘው ሲሄዱ አላሰቡም። ይሁን። አይቼዋለሁ ስትል ግን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም አልኳት።»

«አዎ» አለች ሳጅኗ። «እውነቱን እያወቁ። ጨለማ ነበር አሏት። ማንም አያየውም አሏት። እዚያ ያልነበረን ሰው አለማየቷን ይቅር አሏት።» ቆም አለች፤ ቆጣ ስትል ያን ጊዜ ብቻ ነው የታየው። «ሸርጣኖቹን ለምን ለቀሟቸው?»

ጥያቄው ካፒቴኑ ያላሰበው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንጃ። እጄ ነው። ሕያው ነገር ከሬሳ ጋር ጠቅልዬ ማሰር አልቻልኩም።»

«ሸርጣኑን አንድ በአንድ ለቅመው አወጡ» አለች ሳጅኗ። «ልጅቷን ግን ጠቀለሏት።»

*

ካፒቴኑን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ቲገን አጠገብ ሲደርስ ቆመ። «ልጄ» አለ። ቲገን ፊቱን አየችው። ልትሰድበው ፈልጋ ነበር፤ በምትኩ አዘነችለት፤ በማዘኗም በራሷ ተናደደች። ፖሊሶቹ ወሰዱት።

ሳጅኗ እጇን ይዛ ወደ ወለሉ ወሰደቻት። ቅድም በእግሯ ወደሸፈነችው ቦታ ሄዳ ጠርሙሶቹን ገፋች። ከሥር አንድ የመኪና ጎማ ወጣ፤ ዛጎል የሸፈነው፣ ሸርጣን የሚመላለስበት።

«ቀረጻው ላይ ያየሽው ይሄ ነው። ጎማ ነው። ልክ ነበርሽ።»

ቲገን ጎማውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። «ሰው አይደለም» አለች።

«አይደለም። አንቺ አልገደልሽውም። በይ ተንፍሺ።»

«ሳጅን፣ ሰው ቢሆንስ ኖሮ?» አለች ቲገን። «ያን ጊዜ ጎማ መሆኑን አላወቅኩም። እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው ያልተጫንኩት። ሰውም ቢሆን ኖሮ አልጫንም ነበር።»

ሳጅን ግሬዋል ኪሷን ዳበሰች። የመጨረሻዋን ቆሎ አውጥታ ለቲገን ሰጠቻት፤ ቦርሳዋንም አንሥታ ወረደች።

ቲገን ወደ ክፍሏ ስትመለስ ሎርን በሯ ላይ ተንበርክኮ አገኘችው። በጠመኔ የሣለውን ጎማ በእጅጌው እያጠፋ ነው። በአጠገቡ አልፋ ገባች፤ ካሜራው ፊት ተቀመጠች። በመስኮቱ ባዶው ጆንያ ከነማምለጫ በሩ ተንጠልጥሎ ይታያል። ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። አዲሱ መቀርቀሪያ ሳይነክስ፣ ሳያንገራግር ተንሸራተተ፤ በሩም እስከ ዳር ተከፈተ።

«ይሠራል» አለ ሎርን ከበሩ ላይ።

«ይሠራል።»

ጠመኔ የነካውን እጅጌውን እያራገፈ ቆየ። «እና ከእንግዲህ ስትጠራጠሪ ልትጫኚ ነው?»

«አዎ።»

«ጎማ ቢሆንስ?»

ቲገን የተከፈተውን በር እያየች መለሰችለት። «ጎማም ቢሆን።»